«ተጽፎበታል እኮ»፦ ቋንቋውን በማናውቀው አገር አስቤዛ ስለ መግዛት

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ በ2017 ዓ.ም. የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ።



የዛሬው ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ዕለት አንድ ባልደረባዬ «የቋንቋ መምህር አስቤዛ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው?» ሲል ቀለደብኝ። ቀልዱን በጸጋ ተቀበልሁት። ይሁን እንጂ አስቤዛ የምንለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛው «ስፔዛ» የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ወጪ ማለት ነው። የዕለት ጉርሳችንን ግዢ የምንጠራበት ቃል ከባሕር ማዶ ተሻግሮ የመጣ ከሆነ፣ ጉዳዩ የቋንቋ ሰውን ያገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ አንድ ነው። ማንበብን መተዳደሪያው ያደረገ ሰው፣ ዙሪያውን ጽሑፍ በከበበው ነገር ግን አንዱም ቃል በማይናገረው ቦታ ቢቆም ምን ይሆናል? ይህን በመጽሐፍ አላነበብሁትም፤ በሃምቡርግ ከተማ በምግብ መደብር መደርደሪያዎች መካከል ቆሜ አየሁት።

በ2008 ዓ.ም. በብራና መጻሕፍት ላይ ለሚደረግ የአንድ ዓመት ምርምር ወደ ጀርመን ሄድሁ። ግእዝ አነባለሁ፤ ዐረብኛ በመጠኑ፣ እንግሊዝኛ በደኅና። ጀርመንኛ ግን አላውቅም ነበር። በሙያዬ ይህ የሚያሳፍር ነው፤ የኢትዮጵያ ጥናት ግማሽ ቤተ መጻሕፍት በዚያ ቋንቋ የተጻፈ ነውና። የሥራው መግባቢያ እንግሊዝኛ ነው ስለተባልሁ ብቻ ተዝናንቼ ሄድሁ። የሥራ ቋንቋና የሆድ ቋንቋ የተለያዩ መሆናቸውን አላሰብሁም።

የደረስሁት ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ነበር። ደክሞኝ ስለነበር የሚበላውን ነገ እገዛለሁ ብዬ ተኛሁ። ጀርመን ውስጥ እሑድ መደብሮች በሕግ ዝግ እንደሆኑ፣ ክፍት የሚሆኑትም እንደ ባቡር ጣቢያና ነዳጅ ማደያ ባሉ ቦታዎች የሚገኙት ብቻ እንደሆኑ የነገረኝ አልነበረም። ያን ሰንበት ያለፍሁት እናቴ በሻንጣዬ ሥር በሸጎጠችው ቆሎ ነው።

ሰኞ ማለዳ ወደ መደብሩ ስሄድ ጋሪዎቹ እርስ በርሳቸው በሰንሰለት ተያይዘው አገኘኋቸው። አንዱን ለመፍታት ሳንቲም መክተት ያስፈልጋል፤ በኪሴ ያለው የወረቀት ገንዘብ ብቻ ነው። ሰዎች ሲገቡና ሲወጡ እያየሁ ጥቂት ቆየሁና በእጄ ልይዝ የምችለውን ያህል ለመግዛት ገባሁ። በውስጡ ያስደነገጠኝ የዕቃው ብዛት ሳይሆን ዝምታው ነበር። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ማንም ማንንም አያናግርም። «ይህ ስንት ነው? ያኛውስ? ጨምሪልኝ፣ ቀንሽልኝ» የሚል ድምፅ የለም። ንግግሩ ሁሉ በየዕቃው ላይ ታትሟል።

የላቲን ፊደል ስለማውቅ የማየውን ሁሉ ከሞላ ጎደል ድምፅ ልሰጠው እችላለሁ፤ ትርጉሙ ግን አይገባኝም። በንባብ ቤት ዳዊት የሚደግም ሕፃንን አስታወሰኝ። ልጁ የግእዙን ቃል አንድም ሳይስት ያነበንባል፤ ምን እንዳለ ብትጠይቁት ግን አያውቅም። እኔም ከዓመታት በኋላ ያን ሕፃን ሆንሁ፤ ልዩነቱ የኔ ዳዊት የሾርባ ዱቄት መሆኑ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው የሚጠጋው ወደ ሥዕል ነው። ሥዕል ግን የራሱ ሰዋስው አለው፤ ሰዋስውም ወጥ አይደለም። ቲማቲም የተሳለበት ጣሳ ውስጥ ቲማቲም አለ። ድመት የተሳለበት ጣሳ ውስጥ ግን የድመት ሥጋ የለም፤ ድመቷ ተመጋቢዋ ናት። ላም የተሳለችበት ዕቃ ወተት ሊሆን ይችላል፣ አይብም፣ የራሷ የላሚቱ ሥጋም። ሥዕሉ አንድ ጊዜ ይዘቱን፣ አንድ ጊዜ ምንጩን፣ አንድ ጊዜ በላተኛውን ያመለክታል፤ የቱን እንደሚያመለክት የሚያውቀው ደግሞ አስቀድሞ የለመደ ሰው ብቻ ነው። እባካችሁ ይህችን ላም አትርሷት፤ እመለስባታለሁ።

ከገንዘብ ተቀባይዋ ጋር የነበረኝን ግንኙነት በአጭሩ ልለፈው። ጥያቄዎቹ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል እንደሚመጡ አስተዋልሁ፤ የነጥብ ካርድ አለዎት ወይ፣ የሚከፍሉት በካርድ ነው ወይ፣ ደረሰኝ ይፈልጋሉ ወይ። ቃሉን ሳላውቅ ተራውን ብቻ ይዤ «ናይን፣ ናይን፣ ያ» እያልሁ ሳምንታት ኖርሁ። አንድ ቀን ተራው ተዛባ። ሴትዮዋ አራት ሳንቲም ይኖርዎት እንደሆን ስትጠይቀኝ፣ መዳፌ ላይ ሳንቲሞቹን ዘርግቼ እያሳየኋት «ናይን» አልኋት። ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ሲያዩኝ ምን እንዳሰቡ እግዜር ይወቀው። ቁጥሩም ሌላ ወጥመድ ነበር፤ ጀርመናውያን ሃምሳ አራት ለማለት «አራትና ሃምሳ» ይላሉ። ዐረብኛም እንዲሁ ያደርጋልና ልደናገር አይገባኝም ነበር፤ ተደናገርሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ የቲማቲም ሰላጣ አማረኝና አቼቶ ልገዛ ሄድሁ። «ኤሲግ» አቼቶ መሆኑን ያን ጊዜ አውቄያለሁ፤ በእውቀቴም ኮርቻለሁ። ከመደርደሪያው «ኤሲግኤሰንትስ» የሚል፣ እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ የያዘ ጠርሙስ አነሣሁ። «ኤሰንስ» ማለት ምርጡ፣ ጥሩው ማለት ይሆናል ብዬ በእንግሊዝኛዬ ተረጎምሁት። ቤት ገብቼ ሰላጣው ላይ እንደ ልማዴ አፈሰስሁና አንድ ጉርሻ ጎረስሁ። ጉሮሮዬ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያቃጥለኝ ሰነበተ። ለካስ የተለመደው አቼቶ ከመቶ አምስት ያህሉ አሲድ ሲሆን ያ ፈሳሽ ከመቶ 25 እጅ አሲድ ኖሯል። ጀርመናውያን አንድም በብዙ ውኃ በጥብጠው ይጠቀሙበታል፤ አንድም የማንቆርቆሪያ ውስጥ ዝቃጭ ያጸዱበታል። ክዳኑን ስከፍት አፍንጫዬ አስጠንቅቆኝ ነበር። እኔ ግን ከአፍንጫዬ ይልቅ ጽሑፉን አመንሁ፤ ያውም ያልገባኝን ጽሑፍ።

በማግሥቱ ጠርሙሱን ለጎረቤቴ ለአንዲት አረጋዊት ሴት አሳየኋቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ደንግጠው አዘኑልኝ። ከዚያም ጠርሙሱን አዙረው በጣታቸው አንዲት መስመር አመለከቱኝና «ሽቴት ዶኽ ድራውፍ» አሉ። ጥንቃቄ፣ ሳይበጠበጥ አይጠጣም የሚል ማስጠንቀቂያ ነበር። የተናገሩትን ቃል ጻፍሁና በኋላ መዝገበ ቃላት አገላበጥሁ። «ተጽፎበታል» ማለት ነው። መካከል ላይ ያለችው «ዶኽ» ግን አስቸገረችኝ፤ የእንግሊዝኛው መፍቻ አሥር ዓይነት ትርጉም ይደረድርላታል። ወደ አማርኛ ስመልሳት በአንድ ቃል አለቀች፦ «እኮ»።

«ተጽፎበታል እኮ።»

የሰዋስው ተማሪዎች ስለዚህች ምዕላድ የተማራችሁትን አስታውሱ። «ተጽፎበታል» ብሎ የሚያቆም ሰው መረጃ ይሰጣል። «ተጽፎበታል እኮ» የሚል ሰው ግን መረጃው አስቀድሞ አንተ ዘንድ እንደነበረ፣ ልታውቀው ይገባህ እንደነበር ይነግርሃል። በትንሿ ቃል ውስጥ ትንሽ ወቀሳ አለች። አረጋዊቷ ወቀሳውን አስበውት አይመስለኝም፤ ቃሏ ግን ሥራዋን ሠራች። የወጋኝም ሌላ ነገር ስለነበረ ነው፤ ያንኑ ዐረፍተ ነገር እኔ ራሴ፣ በዚያው ቅላጼ፣ ከዓመታት በፊት ለእናቴ ተናግሬዋለሁ።

እናቴ ማንበብ አትችልም። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ወደ ቀበሌው ማስተማሪያ ጥቂት ወራት ተመላልሳ ስሟን መጻፍ ለምዳ ነበር፤ ከቤት ሥራና ከልጅ ማሳደግ መካከል ፊደሉ ጠፋባት። በሠፈራችን ሱቅ ይህ ጉድለት ሆኖ አያውቅም። ከመስኮቱ ፊት ቆማ የምትፈልገውን በስሙ ትጠራለች፣ ባለሱቁ ያወርዳል፣ እሷ ትመረምራለች፣ ይከራከራሉ። በኋላ ግን በአቅራቢያችን ትልቅ መደብር ተከፈተ። አንድ ቀን ለልጄ የዱቄት ወተት ገዝታ እንድትመጣ ላክኋትና የታሸገ የበሬ ሥጋ ይዛ መጣች። በሁዳዴ ጾም! ተበሳጨሁ። ጣሳውን አንሥቼ ጽሑፉን በጣቴ እየመታሁ «እማዬ፣ ተጽፎበታል እኮ!» አልኋት። ምንም አልመለሰችልኝም። ነጠላዋን አስተካክላ ጣሳውን ወስዳ ልትመልስ ወጣች።

ሃምቡርግ ላይ፣ በተቃጠለ ጉሮሮ ተቀምጬ፣ ያን ዝምታዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።

እዚህ ላይ ጥቂት ታሪክ ያስፈልጋል። ዕቃን ከመደርደሪያ በራስ እጅ አንሥቶ መግዛት ከጥንት የነበረ ይመስለናል። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1916 ክላረንስ ሳውንደርስ የተባለ ነጋዴ በአሜሪካ በሜምፊስ ከተማ «ፒግሊ ዊግሊ» የተባለውን መደብር እስኪከፍት ድረስ፣ በዚያም አገር ቢሆን ገዢ ከባንኮኒው ፊት ቆሞ የሚፈልገውን ይናገር፣ ሻጭም ያቀርብ ነበር። ሳውንደርስ ሻጩን ከመካከል አወጣው። ጀርመንም ይህን አሠራር ተቀበለች፤ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ መደብር እ.ኤ.አ. በ1938 በኦስናብሩክ ተከፈተ። ስለ ለውጡ ሲጻፍ የሚወሳው የዋጋ መርከስና የጊዜ ቁጠባ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ሻጩ ሲወጣ ንግግርም አብሮ ወጣ፤ የሻጩን ሥራ የወሰደው የጣሳው ጽሑፍ ነው። ቀድሞ አፍና ጆሮ ያለው ሁሉ ይገዛ ነበር፤ አሁን መግዛት የሚችለው ያን ጽሑፍ ማንበብ የሚችል ነው። እናቴና እኔ፣ እሷ ሠፈራችን ውስጥ እኔ ሃምቡርግ ውስጥ፣ የቆምነው በዚያው በር ውጭ ነበር።

በዚያው ዓመት በበጋቸው ወራት እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች፤ ሁለት ወር ቆየች። መንገዱን አውቅልሻለሁ ብዬ እጇን ይዤ ወደ መደብሩ ወሰድኋት። በሁለተኛው ቀን ይመስለኛል፣ በሩ አጠገብ ያለውን ግድግዳ እያየች «እነዚህ ሰዎች ባዶ ጠርሙሱን ወዴት ነው የሚጨምሩት?» ብላ ጠየቀችኝ። ማሽን ነበር። በየቀኑ በአጠገቡ አልፌያለሁ፤ ቆሻሻ መጣያ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ሰዎቹ ጠርሙስ ሰጥተው ወረቀት እንደሚቀበሉ፣ ወረቀቱንም ለገንዘብ ተቀባይዋ እንደሚሰጡ በዓይኗ ተከትላ ደርሳበታለች። «መያዣ ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ «ፕፋንድ» ይሉታል፣ ለአንድ የላስቲክ ጠርሙስ 25 ሳንቲም። ሠፈራችን ለስላሳ የምንገዛው ባዶ ጠርሙስ መልሰን ወይም መያዣ አስይዘን አልነበረምን? እኔ ለወራት 25 ሳንቲሜን በየዕለቱ ስጥል ኖሬያለሁ። ጽሑፍ የለመደ ሰው ባላወቀው ቦታ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ጽሑፍ ያልለመደ ሰው ሰው ያያል። ይህን እንደ አጠቃላይ ሕግ አላቀርበውም፤ በአንዲት እናትና በአንድ ልጅ ላይ ብቻ ያየሁት ነው።

ከዚያ በኋላ መሪዋ እሷ ሆነች። የወጥ ቅመሜን ብልቃጥ ከፍታ አሸተተችና «ይህ ምንድን ነው? መድኃኒት ነው?» አለች። ከሙን ነው አልኋት። ነገሩ እንዲህ ነበር፤ መደርደሪያው ላይ «ኪዩመል» የሚል ባየሁ ጊዜ የቋንቋ ሰውነቴ ተነቃቃ። የጀርመንኛው «ኪዩመል» ከላቲኑ «ኩሚኑም»፣ ላቲኑ ከግሪኩ፣ የግሪኩም ከሴማውያኑ ቃል ጋር ዘመድ ነው፤ ዐረብኛው «ከሙን»፣ እኛም ከሙን። ሐተታው አንድም ስሕተት የለበትም። ቅመሙ ግን ሌላ ነው። ጀርመናውያን «ኪዩመል» የሚሉት ከዳቦና ከጎመን ጋር የሚበሉትን ሌላ ዘር ነው፤ የኛን ከሙን «ክሮይትስኪዩመል» ይሉታል። (ጥቁር አዝሙዳችንን ደግሞ «ሽቫርትስኪዩመል»፣ ጥቁር ኪዩመል ማለታቸው ነው፤ ይህ ለሌላ ቀን ይቆየን።) የቃሉን ሥር በትክክል አግኝቼ ድስቱን አበላሸሁ።

በማግሥቱ ከዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ወዳለው ሽታይንዳም ወደሚባል ጎዳና ሄድን። በዚያ ጎዳና የቱርኮች፣ የአፍጋኖችና የሌሎችም ብዙ ስደተኞች ሱቆች አሉ። እናቴ ከአንድ ቱርካዊ ቅመም ሻጭ ፊት ቆመች። ጀርመንኛ አታውቅም፣ ቱርክኛም አታውቅም፤ ሰውየውም አማርኛ ሰምቶ አያውቅም። በአማርኛ፣ ረጋ ብላ፣ «ከሙን» አለችው። ሰውየው ትንሽ አሰበና «ኪምዮን?» ብሎ ከአንዱ ከረጢት ቆንጥሮ መዳፏ ላይ አኖረላት። አሸችው፣ አሸተተችው፣ ራሷን ነቀነቀች። እኔ በሐተታ ያልደረስሁበትን ቃል ሁለቱ በአንድ ቁንጥር ጨረሱት። በጣቷ መጠኑን አሳየችው፤ መዘነ። ከዚያም ያፈርሁበትን ነገር አደረገች፤ ከረጢቱን እንደያዘች አልሄደችም፤ እጇን ዘርግታ ፈገግ ብላ ቆመች። ምራቂ እየጠየቀች ነው። «እማዬ፣ እዚህ አገር እንዲህ የለም» ብዬ ሳልጨርስ፣ ሰውየው ሳቀና አንድ እስር ቅጠል ጨመረላት። «ቴይዜ» ብሎ ነበር የጠራት። አክስቴ ማለት እንደሆነ በኋላ ተረዳሁ፤ እኛ «እትዬ» እንደምንለው።

እንግዲህ ጽሑፍ ጠላት ነው እያልሁ እንዳይመስላችሁ። ጽሑፍ ያዳነኝም ጊዜ አለ። የአውሮፓ ኅብረት ቁጥር 1169/2011 የሆነው ደንብ፣ ከእ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2014 ጀምሮ፣ አለርጂ የሚያስነሡ 14 የምግብ ዓይነቶች በታሸገ ምግብ ዝርዝር ውስጥ ካሉ ከሌላው ጽሑፍ ተለይተው እንዲታዩ ያዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ በደማቅ ፊደል ይታተማሉ። ከ14ቱ መካከል ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ ይገኛሉ። ሕግ አውጪዎቹ ያሰቡት ስለ ታመመ ሰው ነው። እኔ ግን ሁዳዴን የጾምሁት በዚያ ደማቅ ፊደል ተመርቼ ነው። «ሚልኽ» ወተት፣ «ዛነ» የወተት ቅባት፣ «ሞልከ» ደግሞ አጓት። አጓት ዳቦና ብስኩት ውስጥ ይገባል ብሎ ማን ይጠረጥራል? በኋላ ደግሞ «ቪጋን» የሚል ምልክት ያለበትን መፈለግ ተማርሁ፤ ምልክቱን ያወጡት ሰዎች ስለ ጾማችን ሰምተው እንደሆነ እጠራጠራለሁ። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ሙስሊም ወዳጄ ግን ይህን ያህል አልተጠቀመም፤ የአሳማ ሥጋ ከ14ቱ ውስጥ የለምና ደማቅ ፊደል አልቆመለትም። «ሽቫይን» የሚለውን ቃል በራሱ ድካም ማጥናት ነበረበት። ደንቡ የሰውን ሥጋ እንጂ ሕሊናውን አይመለከትም።

ተማሪዎቼ ዘወትር «ስልክ አለ አይደለም ወይ?» ይሉኛል። አለ፤ ጠቃሚም ነው። አቼቶውን ይለይልኝ ነበር። ግን አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። እናቴ ድፎ ዳቦ ልትጋግር ዱቄት ስንፈልግ ከረጢቶቹ ላይ 405፣ 550፣ 1050 የሚሉ ቁጥሮች አገኘን። ቁጥርን ምን ብሎ ይተረጉመዋል? ነገሩ 100 ግራም ዱቄት ሲቃጠል የሚቀረው አመድ በሚሊግራም ሲለካ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዱቄቱ ይነጣል። አንዲት ጀርመናዊት እናት ይህን ስለ አመድ ምንም ሳታውቅ ከእናቷ ወጥ ቤት ተምራዋለች። እናቴ ከረጢቶቹን በጣቷ ተጭና ወደ 1050ው አዘነበለች፤ ድፎውም አማረ። ይህ ግን ዕድል ይሁን ዕውቀት እስካሁን አልለየሁም።

ወደ አገራችን ልመለስና ላብቃ። ዛሬ በአዲስ አበባ መደብሮች መደርደሪያ ላይ እንግሊዝኛ፣ ዐረብኛ፣ ቱርክኛ፣ ቻይንኛ ተጽፎ ታያላችሁ። በራሷ ከተማ፣ ተወልዳ ባደገችበት ሠፈር፣ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ አጥርታ የምታነብ ሴት ሃምቡርግ ሳትሄድ ሃምቡርግ ትገባለች። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ደግሞ ቁጥሩ ነው። በኛ አቆጣጠር 2017 ዓ.ም. ላይ ነን እንበል። የሕፃን ወተት ጣሳ ላይ 2024 የሚል የማብቂያ ዘመን ያየች እናት፣ ቁጥሩን በምትኖርበት ዘመን ብታነበው፣ ወተቱ ገና ሰባት ዓመት ይቆያል። በእውነቱ ግን ጊዜው አልፏል። ማንበብ ትችላለች፤ ያነበበችውም በትክክል ነው። እሷን ምን ልንላት ነው? ተጽፎበታል እኮ?

ለዚህ ነው ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቼ ወጥ ቤታቸው ገብተው አሥር የታሸጉ ዕቃዎች እንዲያወጡና፣ በአማርኛ ብቻ የሚያነብ ሰው ከእነዚያ ስለ ስንቱ ምንነት፣ አጠቃቀምና ማብቂያ ሊያውቅ እንደሚችል ጽፈው እንዲመጡ የማዘው። እዚህ ያላችሁም ዛሬ ማታ ብትሞክሩት ደስ ይለኛል።

ያችን ላም አልረሳኋትም። ከሃምቡርግ ከተመለስሁ በኋላ አንድ ቀን ቡና ላይ ተቀምጠን ሳለ የዚያን ቀን ጣሳ ነገር አነሣሁና እናቴን ይቅርታ ጠየቅኋት። የረሳችው መስሎኝ ነበር። «እኔ እኮ» አለች፣ «የለመድነው የወተት ጣሳ ላም አለችበት። ላሟን አይቼ ነው ያነሣሁት።» ስኒዬን እየሞላች ጥቂት ዝም አለችና «አንተስ ያን የሚያቃጥል ነገር ምን አይተህ ነው የገዛኸው?» ስትል ጠየቀችኝ።

«ጽሑፉን» አልኋት።

በጣም ሳቀች።